የአያቴ የድንጋይ ቤት ብርዱ አልለቀቀንም፣ ከየት ልጀምር?

የአያት ቤት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከአያቴ በወረስነው የድንጋይ ቤት ከእናቴ ጋር ስኖር ይህ ሦስተኛው ክረምት ነው። ግድግዳው 60 ሳንቲ ሜትር ይወፍራል። ሰው ሁሉ «የድንጋይ ቤትማ ለብርድም ለሙቀትም ነው» ይለኛል። ለሙቀቱ እውነት ነው። በብርድ ጊዜ ግን ማሞቂያው ቀን ከሌት ይሠራል፣ ቴርሞሜትሩ 20 ዲግሪ ያሳያል፣ እኛ እንንቀጠቀጣለን። እናቴ ጉልበቷን ያማታል። ማታ ማታ ወንበሯን ከግድግዳው እያራቀች፣ እያራቀች አሁን ክፍሉ መሃል ደርሳለች።

በሰሜን በኩል ባለው መኝታ ክፍል፣ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ጥቁር ሻጋታ ወጥቷል። ልብሳችን ሁሉ ይሸታል። የዚያ ክፍል ግድግዳ ከዓመታት በፊት እስከ ወገብ ድረስ በሲሚንቶ ተለስኖ ነበር። አሁን ልስኑ እየተላጠ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ያወጣል። አንድ ባለሙያ መጥቶ «ከውስጥ በፎም አልብሰን በጂብሰም ቦርድ እንሸፍነው፣ በሳምንት ያልቃል» አለን። እናቴ ተስማምታለች። እኔን ግን ልቤ እሺ አላለኝም። ያለን ገንዘብ ትንሽ ነው። እናንተ ብትሆኑ ከየት ትጀምሩ ነበር?

ሰገነት፦

ከጣሪያው! እኛ ከኮርኒሱ በላይ ምንም አልነበረንም። 25 ሳንቲ ሜትር ፋይበር ግላስ፣ ሙቀት እንዳያመልጥ የሚይዘውን የመስታወት ሱፍ፣ ዘረጋንበት፣ ሁለት ቀን ፈጀብን፣ ልዩነቱ በመጀመሪያው ሌሊት ታወቀን። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። እኔ እስከ ክፈፉ ድረስ ጠቅጥቄ የአየር መግቢያውን ደፈንኩት፣ ብዙም ሳይቆይ የጣሪያው እንጨት ላይ ጤዛ ማየት ጀመርኩ። በጠርዙ በኩል 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍት ተዪ። ወደ ላይ የሚያስወጣውን ክዳንም እንዳትረሺው፣ እሱም መልበስ አለበት።

ግንበኛው፦

እህቴ፣ ልብሽ እውነቱን ነው። ፎሙን አስቁሚው። 30 ዓመት ድንጋይ ስጠርብና ስገነባ ኖሬአለሁ። ካፈረስኳቸው ግድግዳዎች ሁሉ ያሳዘኑኝ ከፊት አምረው ከጀርባ የበሰበሱት ናቸው። እርጥብ ግድግዳ ላይ ፎም ስትለጥፊ ውሃው አይጠፋም፣ አንቺ ማየት ትተዪያለሽ እንጂ።

መጀመሪያ ስለ ውፍረቱ ልንገርሽ። ድንጋይ ሙቀት ያጠራቅማል፣ አይከለክልም። 60 ሳንቲ ሜትር ድንጋይ ሙቀት እንዳያልፍ በመከልከል የ2 ሳንቲ ሜትር ሱፍ ያህል እንኳ አይሠራም። ሲረጥብ ደግሞ ይብስበታል። እናትሽ ከግድግዳው የሸሹት በደንብ ስላወቁት ነው። አየሩ 20 ሆኖ ዙሪያው ያለው ግድግዳ 12 ዲግሪ ከሆነ ሰውነት 16 አካባቢ እንደሆነ ነው የሚሰማው። ከአየሩ ብቻ አይደለም የምንሞቀው፣ ገላችን ሙቀቱን ለቀዝቃዛው ግድግዳ ይሰጣል። ሻጋታውም ከዚሁ ነው። በ20 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 60 በመቶ በሆነ ክፍል ውስጥ፣ 12 ዲግሪ የሆነ ነገር ሁሉ ጤዛ ይይዛል። ከቁም ሳጥን ጀርባ ደግሞ አየር ስለማይንቀሳቀስ ከሌላው ቦታ የባሰ ይቀዘቅዛል። ዛሬውኑ ቁም ሳጥኑን 10 ሳንቲ ሜትር ከግድግዳው አርቂው።

ነጩ ዱቄት ጨው ነው። ውሃው ከመሬት ይዞት ይወጣል፣ ውሃው ሲተን ጨው ይቀራል። የድሮ ግንበኞች በኖራና በጭቃ የሠሩት ግድግዳ የጠጣውን ውሃ መልሶ እንዲተነፍሰው ነበር። ሲሚንቶው አፉን ዘጋበት። ስለዚህ ከውጭ ጀምሪ። ከሰሜኑ ግድግዳ ሥር ያለው አፈር ከውስጡ ወለል ይበልጣል? አሸንዳው ያፈስሳል? እነዚህን አይተሽ ንገሪኝ።

የአያት ቤት፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ሜትር ይዤ ወጥቼ ነበር። አፈሩ ከወለላችን 30 ሳንቲ ሜትር ይበልጣል! አያቴ አበባ የተከለችበት መደብ ነው። አሸንዳውም ልክ እዚያው ላይ ተሰብሯል፣ ውሃው በቀጥታ መደቡ ላይ ይወርዳል። ስንት ዓመት እንዲህ እንደኖረ እንጃ። ግን ግድግዳው እስኪደርቅ ድረስ እናቴን ምን ላድርጋት?

ነፋስ አሳዳጅ፦

እስከዚያው ነፋሱን ያዢው። ነፋስ ባለበት ቀን ሻማ አብርተሽ በመስኮቱና በበሩ ዙሪያ፣ በወለሉ ጠርዝ ቀስ ብለሽ አዙሪው። ነበልባሉ የተጋደመበት ቦታ ሁሉ ገንዘብሽ የሚወጣበት ነው። መጋረጃውን ግን ሰብስቢው። ለመስኮቱ የጎማ ማሸጊያ ይበቃል። የድሮውን የእንጨት መስኮት አትጣዪው፣ ከውስጥ በኩል ሁለተኛ መስታወት ማስገጠም ይቻላል። የማትጠቀሙበት ጭስ ማውጫ ካለ ክዳን ይሠራለት። እሳት የምታነዱበት ክፍል ከሆነ ግን አየር መግቢያውን ፈጽሞ እንዳትደፍኚ፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ (ከእሳት የሚወጣ ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ) ማስጠንቀቂያም ይኑራችሁ። ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ለእናትሽ ከወንበራቸው ጀርባ የሚቆም የእንጨት መከለያ አድርጊላቸው፣ ከእግራቸው ሥር ወፍራም ምንጣፍ። እኔ ለአባቴ ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ግድግዳው አልሞቀም፣ እሱ ግን ጀርባው ሞቀለት።

ግንበኛው፦

መከለያው ጥሩ ሐሳብ ነው። እንግዲህ ሥራሽን ልንገርሽ፦ አሸንዳው ይጠገን፣ አፈሩ ከወለሉ በታች 15 ወይም 20 ሳንቲ ሜትር እስኪሆን ይነሳ፣ በቦታው ጠጠር ይግባ። ከመሠረቱ በታች ግን እንዳትቆፍሪ! ከዚያ ሲሚንቶው በቀስታ ይፈንቀል። እኛ ግንበኞች ግድግዳ በወር ከውፍረቱ 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ይደርቃል እንላለን፣ በግምት ነው። ስለዚህ ትዕግሥት ያስፈልግሻል። ጣሪያውን እስከዚያ ሥሪ። ግድግዳው ሲደርቅ በኖራ ይለሰን። የተረፈ ገንዘብ ካለሽ ያኔ 4 ሳንቲ ሜትር የእንጨት ጭረት ሰሌዳ፣ ውሃ የሚያስተነፍሰውን ዓይነት፣ ከኖራው ጋር ማልበስ ይቻላል።

የአያት ቤት፦

ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ለፎሙ ባለሙያ ራሷ ደውላ «ይቆይልን» አለችው። ቅዳሜ አካፋ እይዛለሁ። የአያቴን አበቦች ሥራቸውን ሳልነካ ነቅዬ ግቢው ጫፍ ላይ እተክላቸዋለሁ፣ ቦታውን እናቴ መርጣለች።