ባለ 5 ቻናል ፓወር አምፕ (የውጭ ድምፅ ማጉያ) ልግዛ ወይስ 3 ይበቃል? የ120 ቮልቱስ ነገር?

ጀሞ_ሲኒማ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የቤት ሲኒማዬ ሪሲቨር (ድምፁን አጉልቶ ለስፒከሮቹ የሚያከፋፍለው) ዴኖን ኤክስ3800ኤች ነው። ፊት ያሉት ሦስቱ ስፒከሮች (ግራ፣ ቀኝ፣ መሀል) ባለ 4 ኦም ናቸው፤ ወረቀታቸው "87 ዲቢ፣ በ2.83 ቮልት፣ 1 ሜትር ላይ" ይላል (ዲቢ ማለት ዴሲቤል፣ የድምፅ ከፍታ መለኪያ)። የኋላና የጣሪያዎቹ ትንንሽ ባለ 8 ኦም ናቸው፤ ሳብውፈሩ የራሱ አምፕ አለው። ክፍሉ 4 በ6 ሜትር፣ መቀመጫው ከስፒከሮቹ 3.5 ሜትር ይርቃል። ድምፁ ከፍ ሲል የመሀሉ ስፒከር ንግግር ይሻክራል፣ ሪሲቨሩም በጣም ይግላል።

ሁለት ምርጫ አለ። አንደኛው ዋሽንግተን ያለ ዘመድ ያገኘው ያገለገለ ባለ 5 ቻናል ክላስ ኤቢ (ከባዱና የሚግለው ዓይነት) አምፕ ነው፤ በቻናል 200 ዋት፣ ዋጋው ደህና። ሁለተኛው አዲስ ክላስ ዲ (ቀላሉና ብዙ የማይግለው ዓይነት)፣ ባለ 3 ወይም ባለ 5። አዲስ አበባ ላይ ለሚሠራ የቱ ያዋጣል?

ኦሞሜትር፦
መጀመሪያ ስንት ዋት እንደሚያስፈልግህ እናስላ። 2.83 ቮልት በ8 ኦም 1 ዋት ነው፤ በ4 ኦም ግን 2 ዋት ይሆናል። ስለዚህ ያንተ ስፒከሮች በ1 ዋት የሚሰጡት 87 ሳይሆን 84 ዲቢ ነው። ሻጭ ይህን አይነግርህም።

3.5 ሜትር ላይ ሜዳ ቢሆን ድምፁ በ11 ዲቢ ይቀንስ ነበር፤ ቤት ውስጥ ግድግዳው ስለሚመልሰው 8 ያዝ። ፊልም በሲኒማ ልክ (ቮሊዩም 0) ሲከፈት የአንድ ቻናል ጫፍ 105 ዲቢ ይደርሳል። −10 ላይ ከሰማኸው ጫፉ 95 ነው። 95 + 8 − 84 = 19 ዲቢ፤ ይህ ወደ 80 ዋት ይመጣል። −5 ላይ 250 ዋት፣ 0 ላይ 800 ዋት ይጠይቃል። −15 ላይ ደግሞ 25 ዋት ይበቃዋል። 3 ዲቢ በጨመርክ ቁጥር ዋቱ እጥፍ እንደሚሆን ልብ በል። በ200 እና በ250 ዋት መካከል ያለው ልዩነት 1 ዲቢ ብቻ ስለሆነ ለሱ ብለህ ገንዘብ አትጨምር።

የሪሲቨሩ 105 ዋት የተጻፈው በ8 ኦም፣ ሁለት ቻናል ብቻ ሲሠራ ነው። ዘጠኙም ቻናሎች የሚበሉት ከአንድ ትራንስፎርመር ነው፤ ሦስቱ ደግሞ ባለ 4 ኦም በመሆናቸው በዚያው ቮልት እጥፍ ከረንት ይስባሉ። የሚግለው ለዚህ ነው። ሦስቱን የፊት ስፒከሮች ወደ ውጭ አምፕ ብታወጣለት የቀሩትን ያለ ችግር ይሸከማል። ስለዚህ ባለ 3 በቂህ ነው፤ የ5ቱን ዋጋ በ3 ጥሩ ቻናል ላይ አውለው።

እስከዚያው በሪሲቨሩ ማውጫ ሦስቱም "ስሞል" መባላቸውንና ክሮስኦቨሩ (ከሱ በታች ያለው ቤዝ ወደ ሳብውፈሩ የሚሄድበት ድንበር) 80 ኸርዝ ላይ መሆኑን እይ። "ላርጅ" ከሆኑ ሳብውፈሩ መሸከም ያለበትን ቤዝ እነሱ እየተሸከሙ ነው፤ የምትሰማው መሻከር ግማሹ ከዚያ ሊሆን ይችላል።

ፊውዝ_220፦
በኦሞሜትር እስማማለሁ። ስለ አሜሪካው ግን ዘመድህ ከመክፈሉ በፊት የጀርባውን ጽሑፍ ፎቶ አንስቶ ይላክልህ። "115/230" የሚል መቀየሪያ ካለው ወይም "100–240" ካለ መልካም። "120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ" ብቻ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው።

ጀሞ_ሲኒማ፦
ፎቶው መጣ፦ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ፣ 34 ኪሎ። ትራንስፎርመር ብገዛለት አይሠራም?

ፊውዝ_220፦
ይሠራል፤ ወጪው ግን ይደመር። ቮልቱን የሚያወርድ ትራንስፎርመር ቢያንስ 2000 ቪኤ (ቮልት በአምፔር ተባዝቶ) ያስፈልገዋል። ትንሽ ከሆነ ፊልሙ ሲጮህ ቮልቱ ይወርድና የገዛኸውን ዋት መልሶ ይበላብሃል።

ዋናው ችግር ኸርዙ ነው። ማውረጃው ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይቀይርም። ለ60 ኸርዝ ብቻ የተጠቀለለ የአምፕ ትራንስፎርመር 120 ቮልት በእኛ አገር 50 ኸርዝ ሲሰጠው ብረቱ ውስጥ ያለው መግነጢስ በ20 በመቶ ይጨምራል፤ ይጮሃል፣ ይግላል፣ ከቆየ ሽፋኑ ይቃጠላል። 100 ቮልት የሚያወጣ ማውረጃ ብታገኝ ብረቱ ይተርፋል፣ ግን 200 ዋቱ ወደ 140 ይወርዳል። 34 ኪሎው ደግሞ በ23 ኪሎ ሻንጣ አይገባም። ተወው።

ክላስ ዲ ስትመርጥ በ4 ኦም ከ200 እስከ 250 ዋት የሚለውን ያዝ፤ ዋቱ ሁሉም ቻናል አብሮ ሲሠራ የተለካ መሆኑን ጠይቅ። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ከፍተኛ ቮልት ነው ፓወር ሰፕላይ የሚገድለው። ለፍሪጅ የሚሸጠውን፣ መብራት ከመጣ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ቆጥሮ የሚለቀውን መከላከያ ፊቱ አድርግለት።

ገመድ_ጠጋኝ፦
ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ ጌይን፣ ማለትም አምፑ የገባለትን ቮልት ስንት እጥፍ እንደሚያጎላ። 4 ኦም ላይ 150 ዋት ማለት 24.5 ቮልት ነው። የአምፑ ጌይን 26 ዲቢ (20 እጥፍ) ከሆነ ከሪሲቨሩ ፕሪአውት (ድምፁ ወደ ውጭ አምፕ የሚወጣበት ቀዳዳ) 1.2 ቮልት ይበቃዋል። ጌይኑ 20 ዲቢ ቢሆን 2.45 ቮልት ይጠይቅ ነበር፤ ያን ጊዜ አምፑ ገና ሳይደክም የፕሪአውቱ ድምፅ ጫፉ ተቆርጦ ሊዛባ ይችላል። ከ26 እስከ 29 ዲቢ ያለውን ምረጥ።

ሁለተኛ ጉምጉምታ፣ ማለትም ከመብራቱ ወደ ስፒከሩ የሚገባው የ"ኡምም" ድምፅ። ብዙዎቹ ክላስ ዲ አምፖች መግቢያቸው ኤክስኤልአር (ባለ 3 ፒን) ነው፣ ያንተ መውጫ ግን አርሲኤ (መሀልና ዙሪያ ብቻ ያለው ተራው)። ውስጡ ሁለት ሽቦና መረብ ባለው ኬብል አሠራው፦ የአርሲኤው መሀል ወደ ፒን 2፣ የአርሲኤው ዙሪያ በሁለተኛው ሽቦ ወደ ፒን 3፣ መረቡ ከአርሲኤው ዙሪያ ወደ ፒን 1። ፒን 1 እና 3ን አምፑ ጋ በአንድ ሽቦ አጣብቆ የሚሠራልህ ካለ የባላንስዱን (ጉምጉምታን የሚያጣፋው የሁለት ሽቦ አሠራር) ጥቅም አጠፋብህ ማለት ነው።

እንዲህም ሆኖ ቢጎመጉም የዲሹን ኬብል ከዲኮደሩ ንቀል። ጸጥ ካለ ምክንያቱ እሱ ነው። ለአንቴና የሚሸጠውን ተራ አይሶሌተር (መሬቱን የሚነጥል) ግን አትሞክረው፤ ኤልኤንቢው (ዲሹ ላይ ያለው መቀበያ) 13 ወይም 18 ቮልት የሚያገኘው በዚያው ኬብል ስለሆነ ምስሉ ይጠፋል። ይልቅ በሪሲቨሩና በአምፑ መካከል የድምፅ ትራንስፎርመር አስገባ። ርካሹ ቤዝ ላይ ይዛባል፤ ያንተ ግን 80 ኸርዝ ላይ ስለተቆረጠ ብዙም አይጎዳህም። ሪሲቨሩና አምፑ ከአንድ ዲቫይደር ይብሉ። የመሬት ሽቦውን ማንም ቁረጠው ቢልህ አትስማው፤ ጉምጉምታው ሊጠፋ ይችላል፣ ሳጥኑ ግን አንድ ቀን ሰው ይይዛል።

ለስፒከሩ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ለሶኬት የሚዘረጉት 2.5 ካሬ መዳብ ይበቃል፤ 10 ሜትር ተዘርግቶ ደርሶ መልሱ 0.14 ኦም ነው። ጫፉን በቢላ ፋቅ አድርገህ እይ፤ ነጭ ከወጣ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው።

ኦሞሜትር፦
አምፑ ሲገባ በአምፕ አሳይን ማውጫ የፊቶቹን ሦስት ቻናሎች ወደ ፕሪአውት ቀይር፤ የውስጥ አምፖቻቸው ከሥራ ይወጣሉ። ከዚያ ኦዲሲን (ሪሲቨሩ በማይክ ስፒከሮቹን ለክቶ ልካቸውን የሚያስተካክልበት) እንደ አዲስ አስሮጥ፣ የአምፑ ጌይን ስለሚለይ የድሮው ልክ አይሠራም። የአንዱ ቻናል ልክ −12 ላይ ከተጣበቀ አምፑ ላይ ጌይን መቀነሻ ካለ አንድ ደረጃ አውርደህ ድገመው።