የማህፀን በር ምርመራ፦ የትኛውን ልመርመር ለምትሉ እህቶች

ሦስቱንም፣ ማለትም የኤችፒቪ ቫይረስ ምርመራን፣ ፓፕ ስሚርንና በአሴቲክ አሲድ (ኮምጣጤ ውስጥ ባለው አሲድ) የሚደረገውን፣ በተለያየ ጊዜ ተመርምሬያቸዋለሁ። ምርጫው ካላችሁ ኤችፒቪን እጠቁማለሁ። የማህፀን በር ካንሰርን የሚያመጣው በአብዛኛው ይሄ ቫይረስ ነው፤ 16 እና 18 የሚባሉት ዓይነቶች ብቻ ወደ 70 በመቶ ለሚጠጋው መነሻ ናቸው። ነፃ ከሆናችሁ የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 10 ዓመት ቆይታችሁ ብትደግሙት ይበቃል ይላል። ኤችአይቪ በደሟ ላለ ሴት ግን ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው። ደስ የሚለው ደግሞ ናሙናውን ራሳችሁ መውሰድ ትችላላችሁ። ጫፉ ላይ ብሩሽ ወይም ጥጥ ያለው ቀጭን ዘንግ ይሰጧችኋል፤ ከመጋረጃ ጀርባ አስገብታችሁ ታዞሩታላችሁ፣ አለቀ።

ፓፕ ስሚር ላይ ግን የዳክዬ አፍ የመሰለችው መክፈቻ አለች። እኔን ያስደነገጠኝ ቅዝቃዜዋ ነው። ጡንቻዬን ባጠበቅሁ ቁጥር ባሰብኝ። ነርሷ «ተንፍሺ፣ ወገብሽን ልቀቂው» ስትለኝ ቀለለኝ። ከማህፀን በር ሴል የሚወስደው ብሩሽ ራሱ ሴኮንዶች ቢፈጅ ነው። ሴሎቹ በማይክሮስኮፕ ስለሚታዩ ግን ውጤቱን ቀናት ወይም ሳምንታት ትጠብቃላችሁ።

በአሴቲክ አሲድ የሚደረገው ውጤቱን እዚያው ይነግራችኋል። ቀጠን ያለውን አሲድ ይቀቡና አንድ ደቂቃ ጠብቀው ነጭ የሆነ ቦታ ይፈልጋሉ። ትንሽ ያቃጥላል። ድክመቱ በተመልካቹ ዓይን መወሰኑ ነው፤ የወር አበባ ላቆመችም ብዙም አይሆንም።

ሱሪ ለብሼ ሄጄ ተጸጽቻለሁ፤ ቀሚስ ልበሱ። የወር አበባ ላይ አትሂዱ። ከምርመራው 2 ቀን በፊት ከግንኙነት፣ ወደ ውስጥ ከሚገባ መድኃኒትና ውስጥን ከመታጠብ ተቆጠቡ። በኋላ ጥቂት ደም ጠብ ሊል ይችላል፣ ፓድ ያዙ።

ከሁሉም ያናደደኝ ሌላ ነው። አንድ ቦታ «ፖዘቲቭ» የሚል ወረቀት ሰጥተው ሸኙኝ። ማታውን ሳለቅስ አደርኩ። ኤችፒቪ ተገኘ ማለት ካንሰር ነው ማለት እንዳልሆነ፣ አብዛኛው በ2 ዓመት ውስጥ በራሱ እንደሚጠፋ የነገረኝ የለም። ስለዚህ ቦታ ስትመርጡ ከማሽኑ በፊት ይሄን ጠይቁ፦ ውጤቱን ማን ያስረዳኛል? ለውጥ ቢገኝ እዚሁ ታክሙኛላችሁ ወይስ ሌላ ቦታ ትልኩኛላችሁ?