አባቴን ለሕክምና ሕንድ ልወስዳቸው ነው፤ የቢጫ ወባ ክትባት የግድ ነው?

የዘጌ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴን ይዤ ለኩላሊት ሕክምና ዴልሂ ልሄድ ነው። በረራችን ጥቅምት 24 ነው፤ ከባህር ዳር አዲስ አበባ፣ ከዚያ ዴልሂ። ትናንት ትኬት የቆረጠችልን ልጅ «ቢጫ ካርድ (የቢጫ ወባ ክትባት መወጋታችሁን የሚያሳይ ካርድ) አላችሁ?» አለችኝ። አባቴ 68 ዓመታቸው ነው። ስነግራቸው «ጣና ዳር ተወልጄ ያደግሁ፣ ወባ ስንቴ ጥሎኝ ስንቴ የተነሣሁ ሰው፣ አሁን በስተርጅና ለወባ ልወጋ?» አሉኝ፤ እኔም መልስ አጣሁ። እኔ በ2004 ዓ.ም. ለሥራ ደቡብ አፍሪካ ስሄድ ተወግቻለሁ፣ ካርዱ ግን የሚያገለግለው 10 ዓመት ነው ይላል። እንደገና ልወጋ? ዛሬ ጥቅምት 5 ነው፣ ቀኑ እየሄደብኝ ነው። የምታውቁ እባካችሁ።

ነርሷ፦
ወንድሜ፣ አባትህን እግዚአብሔር ይማርልህ። ሰውን የሚያሳስተው ስሙ ነው። ቢጫ ወባ ወባ አይደለም። የኛ የፎገራና የዘጌ ወባ ሌሊት የምትናከስ ትንኝ የምታመጣው ጥገኛ ተውሳክ ነው። ቢጫ ወባ ግን ቫይረስ ነው፣ ትንኟም ሌላ ናት፣ ቀን ነው የምትናከሰው። ስለዚህ አባትህ መቶ ጊዜ ወባ ቢይዛቸውም ከዚህኛው አያድናቸውም። ጉበት ስለሚጎዳና ዓይን ቢጫ ስለሚያደርግ ነው ስሙ የወጣለት። ቀላል በሽታ እንዳይመስልህ፤ እንደ ፈረንጆቹ ከ1960 እስከ 1962 በአገራችን ደቡብ ምዕራብ ገብቶ 30 ሺህ ያህል ሰው እንደፈጀ ይገመታል። ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት እስካሁን የለም፣ ያለን ክትባቱ ነው።

ሕንዶች የሚጠነቀቁት እስያ ውስጥ ትንኟ እያለች በሽታው ስለሌለ ነው። አንድ የታመመ ሰው ከገባ ሊዛመት ይችላል። ካርድ ሳይዝ ከኛ አገር የሄደን ሰው እስከ 6 ቀን ለይተው ያቆያሉ። ኩላሊቱን ለታመመ፣ በተለይ ዲያሊሲስ (ደምን በማሽን ማጣራት) ላይ ላለ ሰው 6 ቀን ምን ማለት እንደሆነ አንተ ታውቀዋለህ።

ግን አባትህን ዝም ብለህ ወስደህ እንዳታስወጋ! ክትባቱ የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ነው። ከ60 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው፣ በተለይ መጀመሪያ ጊዜው ከሆነ፣ ሐኪም አይቶ መወሰን አለበት። የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ አይሰጣቸውም። ያኔ ሐኪሙ ምክንያቱን በእንግሊዝኛ ጽፎ፣ ፈርሞ፣ ማኅተም ያደርግበታል። ደብዳቤውን ከመብረርህ በፊት ለሕንድ ኤምባሲና ለአየር መንገዱ አሳይ፤ ደብዳቤ እያለም ለይተው ሊያቆዩ ስለሚችሉ ነው። ነገ ጠዋት ኩላሊታቸውን የሚከታተለው ሐኪም ጋ ሂዱ።

ቀበሌ 14፦
ያንተ አሮጌ ካርድ ይሠራል። ከሐምሌ 2008 ዓ.ም. ጀምሮ አንድ መርፌ ዕድሜ ልክ ነው፣ ቀድሞ የተወጋውንም ይጨምራል። ካርዱ ላይ 10 ዓመት ቢል አትጨነቅ።

ለአባትህ ሐኪሙ ከፈቀደ ግን ፍጠን። ካርዱ የሚጸናው ከተወጉ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ማጻፍ እንዳትረሳ! የኔ ካርድ ላይ በኛ አቆጣጠር ጽፈውብኝ አየር ማረፊያ ላይ ስንት ተሟገትኩ። ጥቅምት 8 ቀን 2018 ከተወጉ ኦክቶበር 18፣ 2025 ተብሎ ነው መጻፍ ያለበት። አለዚያ 2018ን አይተው ከ7 ዓመት በፊት የተወጉ ይመስላቸዋል። ስማቸውም ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል ይመሳሰል። የት ይሰጣል ካልክ፣ እዚሁ ጤና ቢሮ ጠይቅ፣ ከሌለ አዲስ አበባ ነው፤ ሳትደውል ግን እንዳትነሣ።

ሰላም ዓባይ ማዶ፦
አንድ ነገር ልጨምር። ያለ መርፌ ካርድ እናወጣልሃለን የሚሉ ሰዎች አሉ። እባክህ እንዳትሰማቸው። የአክስቴ ልጅ ገንዘቡን ከፍሎ፣ ካርዱ ሐሰተኛ ነው ተብሎ ከአየር ማረፊያ ተመልሷል። ካርድ እንጂ ክትባት አልገዛም ነበርና በሽታውንም አይከላከልለትም።

የዘጌ ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጻፋችሁትን ለአባቴ አነበብኩላቸው። «ታዲያ ስሙን ለምን ወባ አሉት?» አሉና ዝም አሉ፣ ከዚያ «በል ሐኪሙ ጋ እንሂድ» አሉኝ። ነገ 2 ሰዓት ላይ እንገባለን፣ የሚለንን እጽፍላችኋለሁ።