ገልጠን እንናገር ወይስ እንደተሸሸግን እንቅር?

የክርክሩ መነሻ፦ በሰሜን ሸዋ በሽመና፣ በብረትና በሸክላ ሥራ ከሚተዳደሩ ቤተሰቦች መካከል ለብዙ ትውልድ ቤተ እስራኤልነታቸውን፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁድ መሆናቸውን፣ ደብቀው የኖሩ አሉ። በአደባባይ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ፤ ቤታቸው ሲገቡ ሰንበትን በራሳቸው ሥርዓት ያከብራሉ። አዲስ አበባ ቀጨኔ ውስጥ ከእነዚሁ ወገኖች የተወለዱ ወጣቶች ምኩራብ በግልጽ ከፍተዋል። እዚህስ? ይውጣ ወይስ ይቅር?

የሸክላ ሠሪ ልጅ፦ ይውጣ። ሰልችቶኛል። እናቴ ጀበናና ምጣድ ትሠራለች። የእኛ ገበያ ቅዳሜ ነው፤ እናቴ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ሆዷን ያማታል። ልጅ ሆኜ እውነት መስሎኝ ጤና አዳም ቆርጬ አመጣላት ነበር። ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳት ይጠፋል። በማግስቱ የቀዘቀዘ ሽሮ እንበላለን። ጎረቤት ብቅ ካለ "እንጨት አልቆብን ነው።" አሁን አንድ ልጅ ሽማግሌ ሊልክብኝ ነው። ዘር መቁጠራቸው አይቀርም። ምን ልበል?

ጋሽ መምህር፦ ልጄ፣ ቅዳሜን ማክበር ብቻውን ምስክር አይሆንም። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ1442 ዓ.ም. በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ፣ እዚሁ ተጉለት፣ ቅዳሜም እሑድም እንዲከበሩ አስወስነዋል። እኛም ቀዳሚት ሰንበት እንላለን። አዲስ ስም ፍለጋ ምን አመጣው? እስራኤል ልትሄድ ነው ብለው ያሙሻል።

የሸክላ ሠሪ ልጅ፦ ጋሼ፣ እርስዎ ቅዳሜ ቡና ያስፈላሉ። እኛ ቤት ክብሪት አይጫርም። እስራኤል መሄድማ፣ በግንቦት 1983 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14 ሺህ በላይ ሰው ሲወሰድ አብዛኛው የጎንደር ሰው ነበር። እኛ ቤት የሻንጣ ወሬ ተነስቶ አያውቅም።

አንኮበሬው፦ እኔ ይቅር ባይ ነኝ። አባቴ ቀጥቃጭ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን "ጠይብ" እያሉ መስደብ ይቅር ብለው አዋጅ አስነግረዋል። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 27 ላይ የእምነት ነፃነት አለ ይላል። ታዲያ በቀደም ማረሻ ሊያሾል የመጣ ገበሬ ልጁን በጋቢ ሸፍኖ ከደጅ ቆመ። ቡዳ እንዳይበላው! አንቀጽ 27ን ላንብብለት? ማረሻውን ግን ከአባቴ እጅ ተቀብሎ ሄደ።

የሮቢቱ ልጅ፦ ወገን፣ በዚህ ዘመን ማንነት ይደበቃል እንዴ? ትንሽ ድፍረት ነው የሚያስፈልገው።

አንኮበሬው፦ ወንድምዬ፣ እህትህን ለእኔ ትድራለህ?

የሮቢቱ ልጅ፦ እኔ ችግር የለብኝም፤ ቤተሰብ ግን…

አንኮበሬው፦ በቃ፣ ክርክሩ "ቤተሰብ ግን" ላይ ነው። እሷን ድፍረት ከምትጠይቅ ዘመዶችህን አናግር። እነሱ ሲለወጡ እኛ ሳንለመን እንወጣለን።

እትዬ ከመንዝ፦ እንዲህ ከጠበቃችሁማ የልጅ ልጅም አያየው። እታለም፣ ለልጁ ንገሪው። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት። ለአገሩ ማወጅ ሌላ ነገር ነው፤ አብሮሽ የሚያድር ሰው ግን ሆድሽን ማወቅ አለበት። ከሸሸም አሁን ይሽሽ። ልጅ ከተወለደ በኋላ ከሰው አፍ ቢሰማው ይብሳል።

የሸክላ ሠሪ ልጅ፦ ለእሱ እነግረዋለሁ፣ እትዬ። የእናቴን ግን አላወጣባትም። የራሷን ራሷ ትናገረው።

ጋሽ መምህር፦ እግዜር ይርዳሽ። ለመሆኑ ልጁ የማን ዘር ነው?

የሸክላ ሠሪ ልጅ፦ ጋሼ!