የቡችላዬ ክራንቻ ድርብ ሆኗል፤ ልንቀለው ወይስ ልጠብቅ?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቡችላው ወንድ ነው፤ ትንሽ ዝርያ፣ 4 ኪሎ፣ 6 ወር አልፎታል። ላይም ታችም ቀጭኑ የወተት ክራንቻ ሳይወድቅ ወፍራሙ አጠገቡ በቅሏል። የላዩ ይነቃነቃል፣ የታቹ ግን ንቅንቅ አይልም። ምግቡን በደንብ ይበላል። ቤት ውስጥ በጉጠት ብነቅለው ችግር አለው?

መልስ 1፦
ጉጠቱን እባክዎ ይተዉት። የወተት ክራንቻ ሥሩ ከድድ በላይ ከሚታየው ይረዝማል፤ ቀጭንና ጎባጣም ስለሆነ ሲጎተት መሐሉ ላይ ይሰበራል። ውስጥ የቀረው ሊመግል ይችላል፤ ሥሩ ገና ያልጠናው ቋሚ ጥርስም አብሮ ይጎዳል።
የላይኛው ቋሚ ክራንቻ የሚበቅለው ከወተቱ ፊት፣ ወደ አፍንጫ በኩል ነው። የታችኛው ግን በምላስ በኩል ነው የሚወጣው። የታቹ የወተት ጥርስ ቦታ ካልለቀቀ ቋሚው ወደ ውስጥ አዘንብሎ ያድግና አፉ ሲገጥም ላንቃውን ይወጋል። የሚያስቸኩለው እሱ ነው፤ ያኔ አብሮ ይነቀላል ተብሎ እስኪኮላሽ ድረስ አይጠበቅም።

መልስ 2፦
አፉን ሳይከፍቱ ከንፈሩን ብቻ ገለጥ አድርገው ይዩ። የታችኛው ክራንቻ ከላይኛው ክራንቻና ከፊቱ ካለው የመጨረሻ የፊት ጥርስ መካከል ባለው ክፍተት መግባት አለበት። ከውጭ ካልታየዎት ወደ ውስጥ ገብቷል። ቡችላ 28 የወተት ጥርስ አለው፤ ያደገ ውሻ 42። እስከ 7 ወር ገደማ ተተክተው ያልቃሉ።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። ሐኪም ቤት ሲነቀል የሚሰጠው ሙሉ ማደንዘዣ ግን ያስፈራኛል። ድዱን ብቻ ማደንዘዝ አይበቃም?

መልስ 1፦
አይበቃም፤ ነቅቶ ያለ ውሻ ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ ሥሩም ቀስ ተብሎ ካልተፈለቀቀ ይሰበራል። የድድ መርፌ ከሙሉው ጋር ሲሰጥ ግን ሕመሙን ይቀንሳል። ስጋቱ የሚገባ ነው፤ ስለዚህ ሐኪሙን አንድ ነገር አስቀድመው ይጠይቁ፦ የመተንፈሻ ቱቦ ታስገባላችሁ ወይ? የነቃ ውሻ ሲውጥ ማንቁርቱ ስለሚዘጋ ወደ ሳንባው የሚገባ ነገር የለም። በማደንዘዣ ያንቀላፋው ግን አይውጥም፣ አያስልም፤ ደሙና ውሃው በቀጥታ ወደ አየር ቧንቧው ይወርዳል። ቱቦው በማንቁርቱ አልፎ ይገባና ጫፉ ላይ ያለው ፊኛ ሲነፋ ዙሪያውን ይዘጋል። በማግስቱ ትንሽ ቢያስለው ከቱቦው ነው።

መልስ 2፦
ከዚያ ለ2 ሳምንት ለስላሳ ምግብ፤ አጥንትና ገመድ መጎተት ክልክል። የተነቀለውን ጥርስ አሳዩኝ ይበሉ፤ የሥሩ ጫፍ የተሰበረ ከመሰለ በራጅ ይታይ።