አስቸኳይ! የአባቴን ማሲንቆ «የእኛ ነው» ብለው ዩቲዩብ ላይ ያዙብኝ

የደሴዋ፦ እባካችሁ ድረሱልኝ። ጠዋት ስነሳ ከዩቲዩብ ኢሜይል መጥቷል። አባባ ቤታችን ውስጥ ማሲንቆ ሲጫወት በስልኬ የቀረጽኩትን ቪዲዮ አንድ ሙዚቃ አከፋፋይ «የኔ ነው» ብሎታል። የተጫወተው እኮ ባቲ ነው! ባቲ ደግሞ የማንም አይደለም! ቻናሌ ይዘጋል? ላጥፋው?

ሸገር ካሜራ፦ አታጥፊው። መጀመሪያ ንገሪን፣ ክሌም (የባለቤትነት ጥያቄ) ነው ስትራይክ (የቅጂ መብት ጥሰት ቅጣት)? ልዩነታቸው የሰማይና የምድር ነው። ክሌም ሲሆን ብዙ ጊዜ የማስታወቂያው ገንዘብ ነው ወደ እነሱ የሚሄደው። ቻናል የሚያዘጋው ስትራይክ ነው፤ በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ከሞላ።

ጋሽ መዝገቡ፦ ልጄ፣ ነገሩን ከሥሩ እንየው። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ። በ2007 ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑ፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። መብቱን ለማግኘት ማስመዝገብ ግዴታ አይደለም። አባትሽም ከዋኝ፣ ማለትም ሥራውን ተጫውተው የሚያቀርቡ፣ ናቸው፤ በክዋኔያቸው ላይ የራሳቸው መብት አላቸው። ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም፣ ያሳዝነኛል።

የደሴዋ፦ ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ዛሬ ምን ላድርግ?

ፈጣኑ፦ ቀላል ነው። ከሥር «መብቱ የባለቤቱ ነው» ብለሽ ጻፊበት። ወይ ከ10 ሰከንድ በታች አድርጊው፣ አይነኩሽም።

ሸገር ካሜራ፦ ወንድሜ፣ ይሄ ምክር ሰው ያስበላል። ባለቤቱን መጥቀስ ፈቃድ አይሆንም። «10 ሰከንድ ይፈቀዳል» የሚል ሕግም የለም። የአሜሪካኑ ፌር ዩዝ (አንዳንዴ ያለ ፈቃድ መጠቀምን የሚፈቅደው ሕግ) እንኳ ሰከንድ አይቆጥርም። ዓላማውን፣ የሥራውን ዓይነት፣ የተወሰደውን መጠንና ገበያው ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት አንድ ላይ ነው የሚመዝነው።

ሳቂታው፦ ባለ አንድ ክር ማሲንቆ ይሄን ሁሉ ጣጣ አመጣች! ባለ አሥሩ በገና ቢሆንማ ምን ልንሆን ነበር 😄

ቅኝት ወዳጅ፦ የደሴዋ፣ ባቲ ቅኝት (ዜማ የሚሠራበት የድምፅ ስልት) ነው፤ እንደ ትዝታ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ። ቅኝት የማንም አይደለም፣ እዚህ ላይ ልክ ነሽ። በባቲ የተሠራ ዘፈን ሁሉ ግን የማንም አይደለም ማለት አይቻልም። አባትሽ የተጫወቱት ከጥንት የመጣ የሕዝብ ዜማ ነው ወይስ በስም የሚታወቅ ሰው የደረሰው? ሁለተኛው ከሆነ፣ ራሳቸው ቢጫወቱትም የዜማው ባለቤት መጠየቅ ይችላል።

የደሴዋ፦ ክሌም ነው የሚለው። ሁለት ነው። አንዱ ከ0፡00 እስከ 0፡22 ይላል። ይቅርታ፣ እሱን አልነገርኳችሁም፤ መግቢያው ላይ ከካሴት የቆረጥኩት ሙዚቃ አለ። ሌላው ግን ከ1፡40 ጀምሮ ነው። እዚያ ላይ አባባ ብቻውን ነው የሚጫወተው!

ፈጣኑ፦ አልኩሽ እኮ፣ የባለቤቱን ስም ጻፊበት።

ሸገር ካሜራ፦ አሁን ገባኝ። መግቢያው በእውነት የእነሱ ነው። ዩቲዩብ ስቱዲዮ ውስጥ ቆርጠሽ አውጪው፤ ያኛው ክሌም ይነሳል። ለሁለተኛው «ዲስፒዩት» (እቃወማለሁ) በይ። በ5 ቀን ውስጥ ካስገባሽ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያለው ገንዘብ ተይዞ ይቆይልሻል። እነሱ ለመመለስ 30 ቀን አላቸው። ማን፣ የት፣ መቼ እንደቀረጸው በአጭሩ ጻፊ። ስልክሽ ላይ ያለውን ያልተቆረጠ ቪዲዮ እንዳታጠፊ፣ ማስረጃሽ እሱ ነው።

ቅኝት ወዳጅ፦ ዲስፒዩቱን ከመጫንሽ በፊት አባትሽን ጠይቂ። «ይሄን ዜማ ከማን ተማርከው?» በያቸው። የሰው ድርሰት ሆኖ ሳለ ብትከራከሪ ነገሩ ወደ ስትራይክ ሊሄድ ይችላል። ከአያት የወረሱት ከሆነ ግን አትልቀቂው። የዩቲዩብ ማሽን ዜማ ከዜማ ያመሳስላል እንጂ ማን ከማን እንደወረሰው አያውቅም።

ጋሽ መዝገቡ፦ ይሄ ትክክል ነው። አባትሽ ሲያወሩም ቅረጪያቸው።

የወሎ ልጅ፦ የደሴዋ፣ ከምን ደረሰ? እኔም በእናቴ እንጉርጉሮ ላይ ያው ነገር መጥቶብኛል። 30 ቀኑ ሊያልቅ ነው፣ ምንም አልመለሱልኝም።