በአርባ አንድ ዓመቴ ማኔጅመንትና አመራር ልማር?

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ሰላም ለሁላችሁ። ብዙ ጊዜ አንብቤ የማልፍ ሰው ነኝ፤ ዛሬ ግን ጉዳዩ የራሴ ሆነና ጻፍኩ። ዲቪ ደርሶኝ ከመጣሁ አሥራ አምስት ዓመት አልፎኛል። የመጀመሪያ ዲግሪዬን አዲስ አበባ በማኔጅመንት የያዝኩት በ2000 ዓ.ም. ነው። አሁን በአንድ ሆስፒታል የጽዳት ክፍል የማታ ፈረቃ ተቆጣጣሪ ነኝ፤ አሥራ አራት ሰው በሥሬ አለ። ስድስት ዓመት በዚሁ ወንበር ላይ ነኝ ልበል እንጂ የተቀመጥኩበት ሌሊት እንኳን ጥቂት ነው።

በነዚህ ዓመታት የክፍሉ ሥራ አስኪያጅነት ቦታ ሁለት ጊዜ ክፍት ሆኗል። ማስታወቂያው ሁለቱንም ጊዜ «ሁለተኛ ዲግሪ ያለው ይመረጣል» ይላል። ባለፈው ዓመት የገባው ልጅ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። የትኛው ፎቅ በስንት ሰዓት እንደሚጸዳ፣ ተላላፊ በሽታ ያለበት ታካሚ ከወጣ በኋላ ክፍሉ ምን እንደሚደረግ ያሳየሁት እኔ ነኝ። ልጁ ጨዋ ነው፤ በእሱ ቅሬታ የለኝም።

ታዲያ በኢንተርኔት የሚያስተምር አንድ ኮሌጅ ስለ ማኔጅመንትና አመራር ማስተርስ ጠይቄ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቀን ሁለት ጊዜ ይደውሉልኛል። ክፍያው 38,000 ዶላር ነው፤ «በብድር ይሸፈናል፣ አታስብ» ይሉኛል። ትልቁ ልጃችን ከሁለት ዓመት በኋላ ኮሌጅ ይገባልና ባለቤቴ «የአንተ ዲግሪ ከእሱ ይቅደም?» ብትለኝ መልስ አጣሁ። በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ምከሩኝ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ወንድሜ፣ በቀን ሁለት ጊዜ የሚደውልልህን ኮሌጅ ስልኩን አታንሳለት። ደህና ትምህርት ቤት ማመልከቻህን ይጠብቃል እንጂ እንደ አሮጌ መኪና ሻጭ አያሳድድህም።

እኔ ማስተርሴን የጨረስኩት በሆስፒታል ላቦራቶሪ እየሠራሁ፣ ሁለት ልጆች እያሳደግሁ፣ በሦስት ዓመት ነው። ከኪሴ የወጣው ገንዘብ ጥቂት ነው፤ ምክንያቱም አብዛኛውን አሠሪዬ ከፈለ። ብዙ ሆስፒታሎች፣ የካውንቲ መሥሪያ ቤቶችና ትልልቅ ሆቴሎች ለሠራተኞቻቸው ትምህርት በጀት አላቸው፤ የእኛ ሰው ግን ቅጹ የት እንዳለ አይጠይቅም። የአሜሪካ የግብር ሕግ አሠሪ ለሠራተኛው ትምህርት የሚከፍለውን በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ድረስ እንደ ገቢ አይቆጥርበትም፤ ስለዚህ ብዙ አሠሪዎች ጣሪያቸውን እዚያው ላይ ያደርጉታል። አሁን ሂሳቡን ተመልከተው። በመስከረም ጀምረህ በሦስተኛው የትምህርት ዓመት ግንቦት ላይ ብትመረቅ አራት የግብር ዓመት ትነካለህ። አራት ጊዜ 5,250 ደግሞ 21,000 ዶላር ነው። ነገር ግን ደንቡን እስከ መጨረሻው መስመር አንብብ፤ ብዙዎቹ መጀመሪያ አንተ ከፍለህ ውጤትህን ካሳየህ በኋላ ነው የሚመልሱልህ፣ ቶሎ ሥራ ከለቀቅህም ገንዘቡን የሚያስመልሱ አሉ።

«በብድር ይሸፈናል» የሚለውን ተጠንቀቅ። ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች ግራድ ፕላስ የሚባለው የፌዴራል ብድር ቀርቷል። ለእንዲህ ያለው ማስተርስ የሚቀረው በዓመት እስከ 20,500፣ በድምሩ እስከ 100,000 ዶላር የሚፈቅደው ብድር ነው፤ ወለዱም ገና ክፍል ውስጥ ሳለህ መቁጠር ይጀምራል። ከዚያ በላይ ካስፈለገህ ወደ ግል አበዳሪ ልትሄድ ነው፤ ይህን የሚደውለው ሰው አይነግርህም።

የኮሌጁን ዕውቅና ከራሱ ከኮሌጁ አትስማ። የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር የሚያወጣው ዝርዝር ውስጥ ራስህ ፈልገው። የቢዝነስ ትምህርት ክፍሎችን ለይተው የሚመዝኑ ማኅበራትም አሉ፤ ታዋቂው ከ1916 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለው ኤኤሲኤስቢ ነው። ለአንተ ሥራ የዩኒቨርሲቲው ዋና ዕውቅና ይበቃል ባይ ነኝ። ነገ ዶክትሬት ልቀጥል ወይም ላስተምር የምትል ከሆነ ግን ኤኤሲኤስቢ ያለውን ምረጥ። በአካባቢያችን የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ግሎባል ካምፓስ ከ1947 ጀምሮ ሥራ ላይ ያሉ ጎልማሶችን ሲያስተምር የኖረ ነው። ዌስተርን ገቨርነርስ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በስድስት ወር አንድ ክፍያ አስከፍሎ በዚያ ጊዜ ውስጥ የቻልከውን ያህል ኮርስ እንድትጨርስ ይፈቅዳል፤ ሥራውን ለሚያውቅና ራሱን ለሚያዝዝ ሰው ዋጋው ይቀንሳል። ራሱን ለማያዝዝ ሰው ይረዝማል። ጂማት የሚባለውን የመግቢያ ፈተና ደግሞ አትፍራው፤ የሥራ ልምድ ላለው ሰው የሚተዉት ብዙ ናቸው።

ትምህርቱ ራሱስ? ግማሹ አሰልቺ ነው፤ አልዋሽህም። አንድ ቀን ግን መምህራችን «የምታውቁትን አንድ ድርጅት አመራር ተንትኑ» ብሎ ሰጠን። ጓደኞቼ ስለ ባንክና ስለ አየር መንገድ ጻፉ። እኔ ስለ እናቴ እድር ጻፍኩ። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ድንኳንና ሳህን የሚቆጥረው ንብረት ክፍል፣ ገና ሳይነጋ ጡሩምባ የሚነፋው ለፋፊ፣ ቀብር ለቀረ ሰው የሚቆረጠው ቅጣት፣ ሁሉንም ዘረዘርኩ። ወረቀቱ ሲመለስልኝ ኅዳጉ ላይ በእርሳስ አንድ ጥያቄ ብቻ ተጽፎበታል፦ «የማይከፈለው ሰው ለምን ይታዘዛል?» በዚያች ጥያቄ ላይ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ከረምኩባት፤ የመመረቂያ ጽሑፌም እሷው ሆነች። አሥራ አራት ሰው በሌሊት የምትመራ አንተማ ከእኔ የበለጠ ትጽፋለህ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ዓመተ ምሕረቱን ተጠንቀቅ። እኔ ማመልከቻው ላይ የተወለድሁበትን በፈረንጆች 1982 ብዬ፣ የተመረቅሁበትን ግን ከስቱደንት ኮፒው ላይ እንዳለ 1996 ብዬ ሞላሁ። በአሥራ አራት ዓመቴ ዲግሪ የያዝኩ ሊቅ ሆኜ ቀረብኩ።

ከላስ ቬጋስ፣ ኔቫዳ

እኔ ገና በመጣሁ በዓመቱ ኤምቢኤ (የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ) ተመዘገብኩ። ተመርቄ ቃለ መጠይቅ ስገባ «ስንት ሰው አስተዳድረሃል?» ይሉኛል፤ የማውቀው መጽሐፉን ነው። ሰባት ዓመት ታክሲ ነዳሁ። ዲግሪው ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ከልጄ የመዋዕለ ሕፃናት ምስክር ወረቀት አጠገብ ተሰቅሏል፤ እንግዳ ሲመጣ የሚያየው የልጄን ነው። አንተ ግን ሰዎቹን አስቀድመህ አግኝተሃል። እኔ በተገላቢጦሽ ነው የሄድኩት።

ከፍራንክፈርት፣ ጀርመን

ለጠያቂው ሳይሆን አገር ቤት ላሉ እህት ወንድሞቻችሁ ነው የምጽፈው። «ጀርመን ትምህርት ነፃ ነው» ብላችሁ አትንገሯቸው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አብዛኛው ማስተርስ የትምህርት ክፍያ የለውም፣ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ ለምሳሌ ባደን ቩርተምበርግ የተባለው ክልል ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ከሚመጡ ተማሪዎች በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ይቀበላል። ኤምቢኤ ግን ሥራ ላይ ላሉ ሰዎች የሚሰጥ ተጨማሪ ትምህርት ተብሎ ስለሚቆጠር በአብዛኛው ይከፈልበታል፣ አንዳንዱም በአሥር ሺዎች ዩሮ ነው። ነፃውን የሚፈልግ በቀጥታ ከመጀመሪያ ዲግሪው የሚቀጥለውን የማኔጅመንት ማስተርስ ይፈልግ፤ አናቢን በተባለው የጀርመን መዝገብም ዩኒቨርሲቲው እንዴት እንደተመዘገበ አስቀድሞ ይይ።

ከሲያትል፣ ዋሽንግተን

በዕድሜ ስለምበልጥህ አንተ ማለቴን እንደ ድፍረት አትቁጠርብኝ። በሆስፒታል አስተዳደር ውስጥ ሃያ ዓመት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ።

ዕድሜውን ተወው። መለስ ዜናዊ ኤምቢኤያቸውን ከብሪታንያው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ በ1995 (እ.ኤ.አ.) የያዙት በርቀት፣ አገር እየመሩ ነው፤ ፖለቲካውን ለጊዜው ተዉትና ጊዜ የለኝም ለሚል ሰው መልስ ይሆናል። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ጽሑፍህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ቦታው ሁለት ጊዜ ክፍት ሆነ አልክ። አመለከትኩ ግን አላልክም። አመልክተሃል? ለአለቃህስ ቦታውን እንደምትፈልግ በአፍህ ተናግረሃል?

ይህን የምጠይቀው ሠራተኛ በመቅጠሩ በኩል ስለተቀመጥኩ ነው። የእኛ ሰው ሥራዬ ይመሰክርልኛል ብሎ ይጠብቃል፤ ራሱን ማቅረብ ይሉኝታ ይይዘዋል። ዝም አይነቅዝም የሚለው ተረታችን እዚህ አገር ነቅዟል። «ይመረጣል» ማለት ደግሞ «ግዴታ ነው» ማለት አይደለም፤ ዲግሪ የሌለውን ሰው ለሥራ አስኪያጅነት እኔ ራሴ ቀጥሬ አውቃለሁ። የቀጠርኩት ቁጥር ይዞ ስለመጣ ነው።

የአንተ ቁጥር የት እንዳለ ልንገርህ። ኤችካፕስ የሚባል የታካሚዎች መጠይቅ አለ። ከሆስፒታል የወጡ ሰዎች ከሚጠየቁት አንዱ ክፍላቸውና መታጠቢያ ቤታቸው ምን ያህል ጊዜ ንጹሕ እንደነበረ ነው። ውጤቱ ለሕዝብ ይወጣል፤ የአረጋውያን የመንግሥት ጤና መድን የሆነው ሜዲኬር ለሆስፒታሉ በሚከፍለው ገንዘብ ላይም ይገባል። ይህን ጥያቄ የሚመልሰው ታካሚ ያየው የአንተን አሥራ አራት ሰዎች ሥራ ነው። ያለፉትን ስድስት ዓመታት ውጤት ጠይቀህ አውጣ። አልጋ ከተለቀቀ በኋላ ለሚቀጥለው ታካሚ እስኪዘጋጅ ስንት ደቂቃ እንደሚወስድባችሁም ጻፍ። ከዚያ በኋላ ተማር፤ ትምህርቱ ያን ጊዜ መልክ ይይዝልሃል። ሳትጠይቅ የያዝከው ዲግሪ ግን ያለ ጥያቄ ከኖርክባቸው ስድስት ዓመታት ጋር ይደመራል እንጂ ሌላ ምንም አያመጣልህ።

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ጋሼ፣ መልስዎን ያነበብኩት በእረፍት ሰዓቴ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ደነገጥኩ። በመጀመሪያው ጊዜ አላመለከትኩም፤ ሁለተኛ ዲግሪ የሚለውን አይቼ ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። በሁለተኛው ጊዜ በመጨረሻው ቀን በኮምፒውተር ሞልቼ ላክሁ፣ ለማንም ግን አልተነፈስኩም።

ሳምንት ጠብቄ ዳይሬክተሯን ቀጠሮ ጠየቅኋት። ፈረቃዬ ሲያልቅ የደንብ ልብሴን እንኳን ሳልቀይር ገባሁ። ቦታው ድጋሚ ቢከፈት እንደምፈልገው፣ ለመማርም እንዳሰብኩ ነገርኳት። ትንሽ ዝም ብላ «የሌሊቱን ፈረቃ ስለምትወድ ነው ብዬ አስብ ነበር» አለችኝ። ስድስት ዓመት! ልጆቼን ትምህርት ቤት ለማድረስ ስል የያዝኩትን ፈረቃ ወድጄው መስሏታል። እርስዎ ያሉትን የንጽሕና ውጤት ስጠይቃት ፋይሉን በዚያው ቀን ላከችልኝ። የእኛ ሕንፃ ከሌላኛው ሕንፃ በተከታታይ ሦስት ዓመት በልጦ ኖሯል፤ እኔ ስለመኖሩም አላውቅም።

እኅቴ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ የትምህርት ድጋፉ ቅጽም ተገኘ። ሆስፒታላችን ጣሪያው ያልሽው 5,250 ነው፤ ሴሚስተሩ ከመጀመሩ ሠላሳ ቀን በፊት መፈረም አለበት፣ ከተመረቅሁ በኋላም አንድ ዓመት እቆያለሁ። ያን ኮሌጅ ስልኩን ዘግቼበታለሁ። ባለቤቴ ሂሳቡን በልጁ የትምህርት ቤት ደብተር ጀርባ ላይ ጽፋ ደመረችውና «እንዲህ ከሆነ ሌላ ነገር ነው» አለች።

አሁን የቀረኝ ወረቀቱ ነው። እጄ ላይ ያለው ስቱደንት ኮፒ ብቻ ነው። የትምህርት ማስረጃ ገምጋሚው ድርጅት ደግሞ ኦፊሻሉ ከዩኒቨርሲቲው ታሽጎ በቀጥታ እንዲላክለት ይፈልጋል። የወጪ መጋራት ክፍያዬንም አልጨረስኩም፤ እሱ ሳይዘጋ ሬጅስትራሩ አይሰጥም ተብሏል። ወንድሜ እንዲጨርስልኝ ውክልና ልልክለት ነው። ችግሩ የአያቴ ስም ስቱደንት ኮፒው ላይ አንድ ቃል ነው፤ የአሜሪካ ፓስፖርቴ ላይ ግን «ወልደ» ለብቻው ተነጥሎ የመካከል ስሜ ሆኗል። ኤምባሲ ሄዳችሁ እንዲህ ያለ ውክልና ያስጻፋችሁ ካላችሁ፣ በየትኛው ስም ነው ያስጻፋችሁት? ወንድሜ ሰኞ ዩኒቨርሲቲው ድረስ ሄዶ ይጠይቃል።